የተመሰጠረ መጠባበቂያ ቅጂ

የተመሰጠረ መጠባበቂያ ቅጂ፣ በተለምዶ የተመሰጠረ ባክአፕ የሚባለው፣ በኮምፒዩተር ያሉ ፎቶግራፎችና ሰነዶች ከኮምፒዩተሩ ውጭ ወደሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ሲገለበጡ፣ ቁልፉ የሌለው ሰው ዲስኩን ቢያገኝ እንኳ ሊያነባቸው እንዳይችል በሒሳባዊ ስሌት የሚለወጡበት አሠራር ነው። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለረጅም ወራት ሲቋረጥ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው በመስመር ላይ ማከማቻ የሚተማመኑ ሰዎች ፋይላቸውን ከስልክ የሚያገኙበት መንገድ ስለተዘጋ፣ በእጅ የሚያዝ ዲስክ ጥቅሙ ጎልቶ ታይቷል፤ ይሁን እንጂ በእጅ የሚያዝ ነገር ይሰረቃል፣ ይጠፋል፣ በፍተሻም ይወሰዳል።

ተጠቃሚው የሚያስገባው የይለፍ ቃል ፋይሎቹን በቀጥታ አይመሰጥርም። ቃሉ በመቶ ሺዎች ጊዜ ተደጋግሞ ከተሰላ በኋላ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠውን ዋና ቁልፍ ይከፍታል፤ ይዘቱን የሚመሰጥረው ይህ ዋና ቁልፍ ሲሆን፣ ለዚህም በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ መንግሥት በደረጃነት ያጸደቀው ኤኢኤስ የተባለ ስልት ያገለግላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ወይም ገመዱ ድንገት ሲነቀል ዋናው ቁልፍ ያለበት ያ ትንሽ የዲስኩ ክፍል ቢበላሽ፣ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ያለው ባለቤትም ፋይሎቹን ላያገኝ ይችላል። ቬራክሪፕት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የዚህን ክፍል ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ የሚያስችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዊንዶውስ የምስጠራ መሣሪያ የሆነው ቢትሎከር ደግሞ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይሰጣል። ብዙዎች ይህን ቁልፍ በማይክሮሶፍት አካውንታቸው ብቻ ያስቀምጡታል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ዲስኩ በእጅ እያለ ቁልፉ ሩቅ ይሆናልና፣ በወረቀት ጽፎ ከዲስኩ በተለየ ቦታ ማኖር ይበልጣል።

ምስጠራ በኢትዮጵያ ከሕግ ጋር የተገናኘበት ታዋቂ አጋጣሚ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ጉዳይ ነው፤ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው በሽብር ክሱ ውስጥ ተጠቅሶ የነበረ ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው በክስ የቆዩትን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ አሰናብቷቸዋል።

ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ ገና ቅጂ ሊባል አይገባውም። ሙከራው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢደረግ ይመረጣል፤ በቬራክሪፕት የተመሰጠረ ዲስክ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒዩተር በአብዛኛው ስለማይከፈት፣ የመጫኛ ፋይሉ ያልተመሰጠረ ፍላሽ ላይ አስቀድሞ ሊቀመጥ ይገባል።