ተራራው የመረጠው መነጽር

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ልጁ አሁን ባሌ ነው ያለው፤ ከብሔራዊ ፓርኩ ውጭ፣ በፈቃድ በሚታደንበት ቦታ ለውጭ አገር አዳኞች ዱካ እየፈለገ መንገድ ይመራል። ፎቶው ላይ ሁለት የጠመንጃ መነጽሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ረጅምና ወፍራም ነው፤ የፊት መስተዋቱ የቡና ሲኒ አፍ ያክላል። ሌላው ቀጭንና አጭር፣ ሲያዩት የልጅ መጫወቻ የሚመስል።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ሁለቱንም ይዞ መጥቶ ትንሿን አሰረ። ትልቁ በዋጋም ይበልጣል፣ ሩቅም ያሳያል። ለምን ይሆን?» ይላል ከሥሩ።

እኔ አድኜ አላውቅም። ግን ጥያቄውን ሳገላብጠው የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ ከምልክ እዚህ ልጻፈው አልኩ።

የጠመንጃ መነጽር ሲጀመር ለተራራ የታሰበ አልነበረም። አሜሪካዊው ዊሊያም ማልኮም በ1855 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሲራኪዩስ ከተማ መነጽር መሥራት ጀመረ። የዚያ ዘመን መነጽር የጠመንጃውን አፈሙዝ ያህል የሚረዝም ቱቦ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865) አንዳንድ አልሞ ተኳሾች የያዙት ባለ መነጽር ጠመንጃ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። አንድ ቦታ አድፍጦ፣ ጠመንጃውን ድጋፍ ላይ አስቀምጦ ለሚተኩስ ሰው ይሄ ብዙም ችግር የለውም። ገደል ለሚወጣ ሰው ግን እንኳን መተኮሱ ተሸክሞ መድረሱም ጭንቅ ነው።

መነጽሩ እያጠረና ለአደን እየተመቸ የመጣው በኦስትሪያና በጀርመን ሰዎች እጅ ነው። በ1880 አውግስት ፊድለር የሚባል ኦስትሪያዊ የደን ኃላፊ ለአዳኝ በእርግጥ የሚያገለግል መነጽር እንደሠራ ይነገራል። በ1898 ደግሞ ካርል ካሌስ በቪየና ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ። እዚያ በአልፕስ ተራሮች ሻሞይ የምትባል ፍየል መሳይ የገደል እንስሳ ትታደናለች፤ የእኛን ዋልያ አስቡ። እሷን የሚያድን ሰው ሳይነጋ ተነሥቶ ድንጋይ ለድንጋይ ሲወጣ ይውላል። ለዚህ ሰው መነጽር ማለት ቀኑን ሙሉ ትከሻው ላይ የሚውል ዕቃ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን እኛ ጋ የነበረው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ እንደመጣ ክፍል ውስጥ ነግሬያችሁ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ አይደል? የአያቶቻችን መነጽር ዓይናቸው ነበር። ስለዚህ አውሬውን በእግር መቅረብ ግድ ነበር።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ትንሽ መነጽር አንድ ዕዳ ነበረበት፤ ይጨልማል። መነጽር ውስጥ ብዙ ሌንሶች አሉ። ብርሃን ወደ እያንዳንዱ መስተዋት ሲገባም ሲወጣም 4 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይቀራል። ዐሥር ገጽ ካለፈ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። በ1935 በጀርመኑ የዛይስ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው የዩክሬን ተወላጅ አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን ፈለሰፈ። ሽፋኑ ለጦር ስለሚጠቅም መጀመሪያ ላይ በምስጢር ተይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ትንሹም መነጽር ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ በደንብ ማሳየት ቻለ።

ሁለተኛው ዕዳ ጉም ነው። ከሙቀት ወደ ብርድ ሲወጣ መነጽሩ በውስጥ በኩል ላብ ይይዛል። ማርከስ ሊዮፖልድ የተባለ አሜሪካዊ አጋዘን ለመተኮስ ሲያነጣጥር መነጽሩ ጉም ለብሶበት አጋዘኑ አመለጠው። ተናዶ «ከዚህ የተሻለ እኔ ራሴ እሠራለሁ» አለ ይባላል። የቤተሰቡ ድርጅት ያኔ የቅየሳና የውሃ መለኪያ መሣሪያዎች ነበር የሚሠራው። በ1947 የመጀመሪያ መነጽራቸው ወጣ፤ እርጥበት እንዳይኖር በናይትሮጅን ጋዝ የመሙላቱንም ዘዴ ይዘው ገቡ። ንዴት እንዲህ ሥራ ላይ ሲውል ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ለተማሪዬ ጥያቄ ዋናው መልስ ነው። ጃክ ኦኮነር (1902–1978) በአሜሪካ የታወቀ የአደን ጸሐፊ ነበር። የተራራ በጎችን በማደን ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነው። የሚወደው ጠመንጃ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ሲሆን፣ «ፌዘርዌት» ማለትም «ላባ ክብደት» የሚባለው ዓይነት ነው። ላዩ ላይ ያሰረው መነጽር ደግሞ 4 እጥፍ ብቻ የሚያጎላ የሊዮፖልድ ሥራ ነበር፤ ስሙም «ማውንቴነር»፣ ተራራ ወጪው እንደማለት ነው። ከዚያ የበለጠ የሚያጎላ መነጽር ገበያ ላይ ጠፍቶ አይደለም። በአራት እጥፍ ስለበቃው ነው።

ለምን በቃው? እስቲ በቁጥር እንየው። ከመነጽር ወደ ዓይናችን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊት መስተዋቱን ስፋት ለማጉያው ቁጥር በማካፈል ነው። 32 ሚሊ ሜትር ለ4 ሲካፈል 8 ይመጣል። 36 ለ6 ሲካፈል 6። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ቢከፈት ቢከፈት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ማጉያው መጠነኛ ከሆነ ትንሹ መስተዋት ለዓይናችን ይበቃል፤ ትልቁን መስተዋት የሚጠይቀው ትልቁ ማጉያ ነው። ትልቅ መስተዋት ደግሞ ከፍ ያለ ማሰሪያ ይፈልጋል። ያኔ ጉንጭ ሰደፉ ላይ በደንብ አያርፍም፣ ጠመንጃውም አናቱ ላይ ይከብዳል።

አሁን ሚዛን ላይ እናውጣቸው። ቀላል የሚባለው መነጽር 300 ግራም አካባቢ ነው። ለሩቅ ተኩስ የሚሠራው ትልቁ 900 ግራም ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ 600 ግራም ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ስኳር ትንሽ ይበልጣል። ቀላል አትበሉት። ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ 2.7 ኪሎ የሚመዝን የተራራ ጠመንጃ ይገዛና የጠመንጃውን ሲሶ የሚያህል መነጽር ይጭንበታል። ቅቤ ለግሶ ጨው እንደመንሳት ነው። በዚያ ላይ በ3,500 ሜትር ከፍታ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። ዳገት ወጥቶ ልቡ እየደለቀ ለሚያነጣጥር ሰው ትልቅ ማጉያ አውሬውን ብቻ ሳይሆን የራሱን መንቀጥቀጥም ያጎላዋል። የሚያየው ስፍራም ይጠብበታል።

ግን «ቀላል ይሁን እንጂ» ተብሎ የተገኘውን ማሰርም አይደለም። ቀላል ጠመንጃ ወደ ኋላ ሲመታ ይብሳል። ስለዚህ መነጽሩ ከዓይን 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆም ሙሉ ምስል የሚያሳይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቅንድብ ይፈነክታል። ጉም የማይገባው፣ ሲመታ የተስተካከለበትን ቦታ የማይለቅ መሆን አለበት። ክብደት የሚታየው እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌለት ስጨርስ ተማሪዬ ሌላ ነገር ነገረኝ። ከዚህ በፊት የመራው አንድ አዳኝ ትልቁን ዓይነት መነጽር ይዞ ነበር። «ከዚህ ይበቃኛል» ብሎ ከሸለቆ ማዶ ተኮሰ። ወንዱ የደጋ አጋዘን ቆስሎ አስታው ውስጥ ገባ። ሁለት ቀን ደሙን እየተከተሉ ፈለጉት፤ አላገኙትም። ባለ ትንሿ መነጽር ግን «በዚህ ከሩቅ መተኮስ አልችልም፣ ቅረብ በለኝ» እያለ ሦስት ሰዓት አስጉዞት 150 ሜትር ድረስ አስጠጋው። በአንድ ጥይት አለቀ።

ትንሽ መነጽር ያሰረ ሁሉ ጥሩ አዳኝ ነው እያልኩ አይደለም። ትልቅ መነጽር ይዞ በትዕግሥት የሚቀርብም ይኖራል። ግን ትልቁ መነጽር «ከዚህ ይደርሳል» ብሎ ያባብላል፣ ትንሹ ደግሞ በእግርህ ሂድ ይላል። የኦኮነር ምርጫ ትርጉሙ ለእኔ ይሄ ነው።

ይሄ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ያውም በደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች፣ ባሌና አርሲ አካባቢ ብቻ። እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን በ1908 ገድሎት፣ በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። የሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ የገዳዩን ስም ይዞ ቀርቷል፤ አገሬው ግን ከጥንትም ያውቀው ነበር። በ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው ባለ ቀንዱም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ወንድ ቆስሎ አስታ ውስጥ ሲጠፋ የጠፋው የአዳኙ ግዳይ ብቻ አይደለም።

ተማሪዬን በመጨረሻ ይህን አልኩት፦ አዳኝ ሲመጣ መጀመሪያ መነጽሩን እይ። ትልቁን ካሰረ ከመንገድ በፊት ስለ ርቀት ተነጋገሩ። አንተ የአገሩ ልጅ ነህ፤ «ገና ነው፣ እንቅረብ» ማለት ያንተ ሥራ ነው። «እሺ ቲቸር» ብሎኛል።

ከእናንተ መሐል አባቱ ወይም አያቱ አዳኝ የነበሩ ካሉ፣ አውሬ እንዴት ይቀርቡ እንደነበር የነገሯችሁን ከታች ጻፉልኝ። ለክፍል ማስተማሪያ እፈልገዋለሁ። ደህና ሁኑ።