ስለሚፈላው ድንጋይና ስለ አየር ወንፊት

ድንጋይ ሲባል ለሁላችንም የሚታሰበን ድፍን ነገር ነው። ውስጡ በጎጆና በመስኮት የተሞላ፣ አየርንም እየመረጠ የሚይዝና የሚለቅ ድንጋይ አለ ቢሉን ተረት ይመስለናል። ሆኖም እንዲህ ያለ ድንጋይ አለ፤ ስሙም ዜኦላይት ይባላል። ከአንድ የማዕድን መርማሪ እጅ ተነሥቶ ትንፋሽ ያጠረው በሽተኛ አልጋ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የዚህን ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ እሞክራለሁ። ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ጋዝ ስልም ለፋኖስ የሚቀዳውን ሳይሆን እንደ አየር የማይጨበጠውን ነገር ማለቴ ነው።

በ1756 ዓ.ም. አክሰል ክሮንስቴድት የተባለ የስዊድን የማዕድን ሊቅ አንድ ድንጋይ በእሳት ነበልባል ላይ ቢይዘው አረፋ እየደፈቀ ሲንተከተክ አየ። ስለዚህ ከሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ «የሚፈላ ድንጋይ» የሚል ስም አወጣለት። የፈላው ግን ድንጋዩ ሳይሆን በውስጡ ተሸሽጎ የኖረው ውሃ ነበር። በ1840 ዓ.ም. ዳሙር የተባለ ፈረንሳዊ ውሃው ቢወጣም ድንጋዩ እንደማይፈርስ፣ ውሃውም ተመልሶ ሊገባ እንደሚችል አስረዳ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ አይኽሆርን የተባለ ጀርመናዊ በዜኦላይት ውስጥ ያለው ሶዲየም በካልሲየም፣ ካልሲየሙም በሶዲየም ሊለወጥ እንደሚችል ገለጠ። የታሪካችን ዋና ነገር ይህ የኋለኛው ነው። የሚያስገርመው ይህን ያህል ነገር ከታወቀ በኋላ ዘጠና ዓመት ያህል ጋዝን ለመለየት በፋብሪካ ሳይሠራበት መቅረቱ ነው።

ዕውቀቱ ግን ፈጽሞ አልተኛም። በ1925 ዓ.ም. ሁለት ጀርመናውያን፣ ቫይገልና ሽታይንሆፍ፣ ቻባዛይት የተባለው ዜኦላይት ውሃንና አልኮልን ሲያስገባ ቤንዚንንና ኤተርን እንደሚከለክል አዩ። በ1932 ዓ.ም. ማክቤይን ይህን ዓይነቱን ነገር «የሞለኪውል ወንፊት» ብሎ ሰየመው። ኒውዚላንድ ተወልዶ በብሪታንያ የሠራው ሪቻርድ ባረር ደግሞ ብዙ ዓመት ሲመራመር ቈይቶ በ1948 ዓ.ም. በተፈጥሮ የማይገኝ ዜኦላይት በእጁ ለመሥራት በቃ።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንሂድ። በኒውዮርክ ግዛት፣ በቶናዋንዳ፣ ሊንዴ የተባለው የዩኒየን ካርባይድ ክፍል አየርን እስኪፈስ ድረስ በማቀዝቀዝ ኦክሲጅንን ከናይትሮጅን እየለየ ይሸጥ ነበር። ይህ ሥራ ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ ሌላ መንገድ ይፈለግ ነበር። ሮበርት ሚልተን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1949 ዓ.ም. ዜኦላይትን በላቦራቶሪ መሥራት ጀመረ፤ በዚያው ዓመትም «ኤ» የተባለውን ዓይነት አገኘ። «ኤክስ» የተባለውም ብዙ ሳይዘገይ ተከተለ።

የ«ኤ»ን ጠባይ ማወቅ ይገባናል። ግድግዳው የተሠራው ከሲሊኮን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክሲጅን ነው። አሉሚኒየሙ ባለበት ሁሉ የኤሌክትሪክ ጕድለት ስለሚፈጠር ያንን የሚሞላ ሶዲየም በመስኮቱ አጠገብ እንደ ዘበኛ ይቆማል። በሶዲየም ጊዜ የመስኮቱ ስፋት 4 አንግስትሮም ያህል ነው፤ አንድ አንግስትሮም ማለት አንድ ሜትር ለዐሥር ቢሊዮን ሲከፈል ነው። ዱቄቱን የፖታሲየም ጨው በሟሟበት ውሃ ቢዘፈዝፉት ፖታሲየሙ በሶዲየሙ ቦታ ይገባል፤ እርሱም ወፍራም ስለ ሆነ መስኮቱ ወደ 3 ይጠብባል። በካልሲየም ጨው ቢዘፈዝፉት ግን አንዱ ካልሲየም ሁለት ሶዲየም ስለሚተካ መስኮቱ ነጻ ሆኖ ወደ 5 ይሰፋል። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለወጠው ዘበኛው ብቻ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ዕቃው ለገበያ ወጣ። ነገር ግን በመጀመሪያ የተሠራበት የማቀዝቀዣ ጋዝንና ከምድር የሚወጣውን የተፈጥሮ ጋዝ ለማድረቅ ነበር። አየርን ለመክፈል የታሰበው ድንጋይ ውሃ መምጠጫ ሆነ ማለት ነው።

አየርን መክፈል አስቸጋሪ የሆነው ኦክሲጅንና ናይትሮጅን በውፍረት በጣም ስለሚቀራረቡ ነው፤ አንዱ 3.46፣ ሌላው 3.64 አንግስትሮም ነው። ስለዚህ ወንፊት አይበቃም፤ ሰፌድ ያስፈልጋል። ወንፊት በቀዳዳው ልክ ይለያል፤ ሰፌድ ግን ሁሉንም ተቀብሎ እያንገዋለለ ይለያል። በሰፊው መስኮት ሁለቱም ይገባሉ። በናይትሮጅን ሞለኪውል ላይ ያለው የኤሌክትሪክ አቀማመጥ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ ያልተስተካከለ ስለ ሆነ፣ በውስጥ ያለው ብረት ናይትሮጅኑን አጥብቆ ይስበዋል። ኦክሲጅኑ ያልፋል። በ1960 ዓ.ም. የኤሶ ኩባንያው ቻርልስ ስካርስትሮም የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ሁለት ዕቃዎችን ያፈራርቃል፤ አንዱ በግፊት ጋዙን ሲይዝ ሌላው ግፊቱ ተነሥቶለት የያዘውን ይተፋል።

የቀረው የተሻለ ሳቢ መፈለግ ነበር። ከብረቶች ሁሉ ቀላሉ ሊቲየም ስለሆነና አዮኑም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ናይትሮጅንን በብርቱ ይስባል፤ ይህም በ1964 ዓ.ም. በማኪ የፈጠራ ወረቀት ተጽፏል። ችግሩ መጀመሪያ የሚገቡት ሊቲየሞች ጋዝ በማይደርስበት ጓዳ መሸሸጋቸው ነው። ጥቂቱን ሶዲየም ለውጦ መተው ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው፤ አብዛኛው መለወጥ አለበት። ይህን በ«ኤክስ» ላይ አጥብቆ የሠራው የዩኒየን ካርባይዱ ቻዎ ነው፤ መብቱም በ1989 ዓ.ም. ተሰጠው። ሚልተን ከጀመረ አርባ ዓመት መሆኑ ነው።

ዛሬ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ እፍ እፍ እያለ የሚሠራው የኦክሲጅን መሣሪያ በሆዱ የያዘው ይህንኑ ዱቄት ነው። 21 ከመቶ ኦክሲጅን ያለውን አየር ስቦ 93 ከመቶ ያህል ያደርገዋል። ከ95 እምብዛም አያልፍም፤ አርጎን የተባለው ጋዝ ከኦክሲጅኑ ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ነው። በ2020 ዓ.ም. ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት ጊዜ የዚህ መሣሪያ ዋጋ ለሁሉ ታወቀ። በአገራችንም ከሩቅ ከተማ በመኪና የሚመጣ የኦክሲጅን ሲሊንደር ለሚጠብቅ ሆስፒታል ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ መብራት ካልጠፋ ማለት ነው።

አንድ ጠላት ግን አለው፤ ክሮንስቴድት ያፈላው ውሃ። ዜኦላይት ከናይትሮጅን ይልቅ ውሃን ይወዳልና እርጥበት ከገባበት ዱቄቱ ውሃ ጠግቦ ናይትሮጅን መያዝ ይተዋል። መሣሪያው ሲሰሙት ደኅና የሚሠራ ይመስላል፤ የሚሰጠው ግን ከተራ አየር ብዙ የማይለይ ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ባለሙያ በድምፁ አያምንም፤ የሚወጣውን ኦክሲጅን በመለኪያ ይመረምራል።