የችሎት ሥዕልና የእጅ ቅጁ፤ ለታሪክ ትምህርት ያለው ዋጋ

በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ዳኞች የሚያስችሉት ብዙውን ጊዜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በዚያም ግድግዳ ላይ ጥንታዊ የፍርድ ታሪክ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይሰቀሉ ነበር። ሥዕሎቹ ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አልነበሩም፤ በመጀመሪያ ደረጃ የሚናገሩት በወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ዳኛ ነው። ጄራርድ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1498 ለብሩዥ ከተማ ሸንጎ ያበረከታቸው ሁለት የእንጨት ሰሌዳዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሲስ ጉቦ የበላውን ዳኛ ሲሳምኔስን ቆዳውን አስገፍፎ፣ በዚያው ቆዳ የዳኝነቱን ወንበር ካለበሰ በኋላ፣ የሟቹን ልጅ ኦታኔስን በአባቱ ምትክ እንዳስቀመጠው ሄሮዶቱስ የተረከውን ያሳያሉ። እንዲህ ካለ ሥዕል ፊት ለፊት ተቀምጦ እጅ መንሻ መቀበል ቀላል አይመስልም።

የብሩዥ ሰሌዳዎች ዛሬም በከተማዋ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በዘመኑ ከእነርሱ ይበልጥ ዝነኛ የነበሩት የብራስልስ ሥዕሎች ግን ጠፍተዋል፤ ስለ እነርሱ ልንናገር የምንችለው አብዛኛውን በቅጅ አማካይነት ነው። ሮጊር ቫን ደር ቬይደን ለብራስልስ ማዘጋጃ ቤት የችሎት አዳራሽ አራት ታላላቅ ሰሌዳዎች ሠርቶ ነበር፤ ከእነዚህም የመጀመሪያው የ1439 ዓመት ጽሑፍ ነበረበት። ሁለቱ፣ ልጇ ለተገደለባት መበለት የፈረደውን የሮማውን ንጉሠ ነገሥት ትራያንን ታሪክ ሲያሳዩ፣ ሁለቱ ደግሞ በሞት አልጋው ላይ ሳለ ሴት የደፈረ የእኅቱን ልጅ በገዛ እጁ የገደለውን ዳኛ የሄርኪንባልድን ታሪክ ያሳዩ ነበር። ጀርመናዊው ሠዓሊ ዱረር በ1520 ብራስልስን በጎበኘ ጊዜ አይቶ በማስታወሻው መዝግቧቸዋል። በነሐሴ 1695 የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን በመድፍ ሲደበድብ ሰሌዳዎቹ ከአዳራሹ ጋር ተቃጠሉ።

የተረፈው በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሱፍ፣ በሐርና በወርቅ ክር የተሸመነ፣ ወርዱ ከ10 ሜትር የሚበልጥ የግድግዳ መጋረጃ ነው። መጋረጃው የተሠራው ለሎዛን ጳጳስ ለጆርጅ ደ ሳሉስ ሲሆን፣ በርን ያንን አገር በ1536 በያዘች ጊዜ ወደ በርን ተወስዶ ዛሬ በከተማዋ የታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። አራቱ ሥዕሎች በላዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸውም የላቲን ጽሑፍ አለ። ይሁን እንጂ የጳጳሱ የቤተሰብ ዓርማ በብራስልስ ግድግዳ ላይ ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ነው። ስለዚህ መጋረጃው በአንድ ጊዜ ሁለት ምስክርነት ይሰጣል፤ አንዱ ስለ ጠፋው ሥራ፣ ሌላው ስለ አሠሪው ፈቃድና ስለ ሸማኔዎቹ ጥበብ ነው። ለዳኛ ማስጠንቀቂያ የነበረው ሥዕል በመጀመሪያ የጳጳስ ሀብት፣ ኋላም የጦር ምርኮ ሆነ። ቅጁ መልኩን ቢያቆይም የሚናገርለትን ሰው ለውጧል።

በቀለም የተሠራ የእጅ ቅጅ ምን ሊያተርፍ እንደሚችል የባዝል ከተማ ታሪክ ያስረዳል። ሐንስ ሆልባይን ከ1521 ጀምሮ በከተማዋ የምክር ቤት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስለ ሕግና ስለ ፍርድ የሚናገሩ ታሪኮች ሣለ፤ ሥራው ከተቋረጠ በኋላ በ1530 እንደገና ሲቀጥል የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሽማግሌዎችን ሲገሥጽ የሚያሳየውን ሥዕል ጨመረ። ርጥበት ግድግዳውን እየበላ ሥዕሎቹን አጠፋቸው። በ1817 ቅሪቶቹ በተገለጡ ጊዜ ሒዬሮኒሙስ ሄስ የተባለ ሠዓሊ የሚታየውን በውሃ ቀለም ገለበጠ። ዛሬ ከግድግዳው የቀሩት ቁርጥራጮች ብቻ ስለሆኑ፣ የሮብዓም ሥዕል በአጠቃላይ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ አጥኚዎች የሆልባይንን ንድፍ ከሄስ ቅጅ ጋር ያስተያያሉ። ነገር ግን ሄስ በ19ኛው መቶ ዓመት ዓይን የሚያይ ሰው ነበር፤ የደበዘዘውን መስመር ሲያጎላ የራሱን ግምት መጨመሩ አይቀርም።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚታተሙ የታሪክ ሥዕሎች ብዙዎቹ ቅጆች ናቸው፤ ከሥራቸው የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሠዓሊ ስም ብቻ ነው። መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ክፍሎች ማን፣ መቼና ከምን ላይ እንደገለበጠው ቢያክሉበት መምህሩ ተማሪዎቹን ስለ ማስረጃ ምንነት ለማወያየት ጥሩ መነሻ ያገኛል። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። በአገራችን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የሚሣለው በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሲያረጅም በሌላ ሊተካ ይችላል። ተማሪዎቹን ይዞ የሚሄድ መምህር ሥዕሉ የማን ታሪክ እንደሆነ ከመጠየቁ ጋር፣ ጨርቁ መቼ እንደ ታደሰና አዲሱ ሠዓሊ አሮጌውን ፊቱ አድርጎ ሣለው ወይስ በቃሉ ብሎ ካህናቱን ሊጠይቅ ይችላል።