አሮጌ ጨርቅ ለምን በጨለማ ይቀመጣል? የአህመዳባድ ሙዚየሞች ታሪክ

ቤታችሁ ውስጥ ያለው በጣም አሮጌ ልብስ ስንት ዓመቱ ነው? የአያት የሠርግ ቀሚስ ከሣጥን ቢወጣ ምናልባት 50 ዓመት ይሞላዋል። ከዚያ በላይ የቆየ ልብስ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ድንጋይ ይቆያል። ሸክላም ቢሰበር ስብርባሪው ይገኛል። ጨርቅን ግን ብል ይበላዋል፣ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ከዚህ ሁሉ ቢተርፍ እንኳ መጨረሻው መወልወያ ነው። ታዲያ በጨርቅ ሀብታም የሆነች ከተማ ታሪኳን በምን ታሳያለች?

ከተማዋ አህመዳባድ ናት። በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጅራት ግዛት፣ በሳባርማቲ ወንዝ ዳርና ዳር ትገኛለች። የቆረቆራት ሱልጣን አህመድ ሻህ ነው፤ ጊዜውም 1411 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርባታል፤ አሮጌው ክፍሏ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ዴልሂን ወይም ሙምባይን ያስባል። እኔ ግን ሙዚየም ለሚወድ ወጣት መጀመሪያ የምጠቁመው አህመዳባድን ነው።

እዚያ ከደረሳችሁ ካሊኮ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየምን አስቀድሙ። ዝም ብሎ መግባት የለም። ቀድማችሁ መመዝገብ አለባችሁ፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ከአስጎብኚው ተለይቶ መዞርም ሆነ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ክፍሎቹ ደብዛዛ ናቸው። መጀመሪያ ላይ መብራት የጠፋ ይመስላችኋል።

ጨለማው ግን ምክንያት አለው። ብርሃን ጉልበት ነው። ቀለሙ ላይ ሲያርፍ የቀለሙን ሞለኪውሎች ይሰባብራል፣ ክሩንም ያደክማል። ደግሞ ጉዳቱ ይደመራል እንጂ አይድንም፤ ጨርቁን ሌሊት ጨለማ ውስጥ ብታሳድሩት ቀን የጠፋው ቀለም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ለጨርቅ በተለምዶ ከ50 ሉክስ ያልበለጠ ብርሃን እንዲሆን ይመክራሉ። አንድ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 500 ሉክስ ገደማ ነው። አያችሁት? ጨርቁን ባየነው ቁጥር በጥቂቱ እያጠፋነው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንሂድ፤ የሕንድ ባለሙያዎች ዓለምን የበለጡት እዚህ ላይ ነውና። ጥጥ ቀለምን በቀላሉ አይቀበልም። ማደር ከሚባል ተክል ሥር የሚገኝ ቀይ ቀለም ውስጥ ጥጥ ብትነክሩ ሲታጠብ አብዛኛው ይለቃል። በመሐል አጣባቂ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ አሉም የሚባለው ማዕድን አንድ እጁን ለክሩ፣ አንድ እጁን ለቀለሙ ሰጥቶ ያስራቸዋል። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው፦ ጨርቁ ላይ በአንድ በኩል አሉም፣ በሌላ በኩል የብረት ውሃ በእንጨት ማኅተም ታትሞበት አንድ ጋን ቀለም ውስጥ ቢገባ፣ አሉም የነካው ቀይ፣ ብረት የነካው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጋኑ አንድ፣ ቀለሙ ሁለት! ሰማያዊው ኢንዲጎ ሌላ ጠባይ አለው። እሱ በውሃ አይሟሟም። ጋን ውስጥ እንዲብላላ ይደረግና ጨርቁ ሲነከር ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ይይዛል፤ ከጋኑ ወጥቶ የአየሩን ኦክስጅን ሲያገኝ ዓይናችሁ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ያገኙት ሰዎች ሞለኪውል የሚባል ቃል አልሰሙም። ትምህርቱ በእጃቸው ላይ ነበር፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ።

ፓቶላንም ሳታዩ እንዳትወጡ። ከአህመዳባድ በስተሰሜን ባለችው ፓታን ከተማ የሚሠራ የሐር ጨርቅ ነው። በተለመደው መንገድ ሸማኔ ጥለት የሚያወጣው እየሸመነ ነው። የፓቶላ ሸማኔ ግን ገና ሳይሸምን ድሩንም ማጉንም እየቋጠረ ቀለም ያስገባል፤ የታሰረው ቦታ ቀለም አይነካውም። ለእያንዳንዱ ቀለም ይፈታል፣ ደግሞ ይታሰራል። ከዚያ ሲሸመን የድሩ ነጥብ ከማጉ ነጥብ ጋር ልክ መግጠም አለበት፤ በትንሹ ከሳተ አበባው ይፈርሳል። አንድ ልብስ ወራት ይፈጃል። ድሮ ይህ ጨርቅ በመርከብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ እየሄደ በቅመማ ቅመም ይለወጥ ነበር።

የጉጅራት ጥጥ ጥንት ምን ያህል ሩቅ እንደሄደ የታወቀው ከሕንድ ሳይሆን ከግብፅ ቆሻሻ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? የሕንድ ሙቀትና የክረምት ዝናብ ጥንታዊውን ጥጥ አብዛኛውን አበስብሶታል። በአሮጌው ካይሮ፣ ፉስጣጥ በሚባለው ቦታ፣ ሰው የጣለው ቁራጭ ግን በደረቁ አፈር ውስጥ ቆየ። አንዳንዱ ወደ 1 ሺህ ዓመት ይጠጋዋል። በቁራጮቹ ላይ ከታተሙት ሥዕሎች ውስጥ በኢንዶኔዥያ ደሴቶች በቅርስነት ከተቀመጡ ጨርቆች ጋር የሚመሳሰሉ ተገኝተዋል። ወደ እኛም መጥቷል። የብራና መጽሐፍ የማየት ዕድል ካገኛችሁ የእንጨት ገበታውን የውስጥ ገጽ ተመልከቱ፤ በቆዳው ጠርዝ መካከል ባለቀለም ጨርቅ ተለጥፎ ልታዩ ትችላላችሁ። እነዚህን ጨርቆች ያጠኑ ምሁራን ከመካከላቸው ከሕንድ የመጡ አግኝተዋል። ጸሐፊዎቻችን ሳያስቡት የሕንድ ጨርቅ ጠባቂ ሆነዋል ማለት ነው።

አውሮፓስ? ወደደው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራው። የራሳቸው ሸማኔዎች ገበያ ስላጡ ፈረንሳይ ከ1686 እስከ 1759 የታተመ ጥጥ ከለከለች፤ እንግሊዝም በ1700 እና በ1721 ሕግ አወጣች። በኋላ እንግሊዝ በማሽን መፍተልና መሸመን ስትጀምር ነገሩ ተገለበጠና የእሷ ጨርቅ ሕንድን አጥለቀለቀ። ካሊኮ የሚለው የጨርቅ ስም ራሱ የመጣው ከደቡብ ሕንዷ ካሊከት ወደብ ነው።

አህመዳባድ በበኩሏ ማሽኑን ራሷ ተከለች። የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1861 ሥራ ጀመረ፤ ቀስ በቀስም ከተማዋ የሕንድ ማንቸስተር እስከመባል ደረሰች። ከባለፋብሪካዎቹ አንዱ ሳራባይ የሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ፋብሪካውም ካሊኮ ሚልስ። የእጅ ጨርቅ ሙዚየሙን በ1949 ያቋቋሙት የዚህ ቤተሰብ ልጆች፣ ጋውታም ሳራባይና እኅቱ ጊራ ናቸው። ልብ በሉ፤ የእጅ ሥራን ከገበያ ያስወጣው የማሽን ገንዘብ ነው የእጅ ሥራውን ሰብስቦ ያኖረው። ሽሙጥ ልትሉት ትችላላችሁ። እኔ ግን ባይሰበስቡት ኖሮ ዛሬ ምን እናይ ነበር እላለሁ። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ሙዚየሙ አለ።

የታሪኩን ሌላ ገጽ ለማየት ወንዙን ተሻገሩ። በምዕራቡ ዳር ጋንዲ ከ1917 እስከ 1930 የኖረበት የሳባርማቲ አሽራም አለ። ጋንዲ ሕንዶች የራሳቸውን ክር ፈትለው እንዲለብሱ ሲነሳ መጀመሪያ የገጠመው ችግር ምን መሰላችሁ? መፍተያ ማጣት! እኛ ዘንድ እንዝርት ስትሽከረከር ያየ ወጣት ዛሬም አይጠፋም። በጋንዲ አካባቢ ግን ቻርካ የሚባለውን የእጅ መፍተያ መንኮራኩር የሚያውቅ ሰው ታጣ። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚነግረን፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጋንጋቤን የተባለች ሴት ቪጃፑር በምትባል ከተማ አገኘችለት፤ መንኮራኩሮቹ እንደማይረባ ዕቃ ቆጥ ላይ ተወርውረው ነበር። በፋብሪካ ጭስ የተከበበች ከተማ እንዴት እንደሚፈተል ረስታለች።

በ1918 ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛቸው በ35 በመቶ እንዲጨመር ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ባለቤቶቹ ከ20 በላይ አንሰጥም አሉ። ከባለቤቶቹ ፊት የቆመው አምባላል ሳራባይ፣ የነጋውታም አባት ነው። ከሠራተኞቹ ጎን ከጋንዲ ጋር የቆመችው ማን ናት? አናሱያ ሳራባይ፣ የአምባላል የገዛ እኅት። ጋንዲ ሦስት ቀን ጾመ፤ ነገሩ በሽምግልና ታየና ሠራተኞቹ በመጨረሻ 35 በመቶውን አገኙ። የአሽራሙን ሙዚየም የነደፈው አርክቴክት ቻርልስ ኮሪያ ሲሆን በ1963 ተከፍቷል። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፤ ነፋስ እንደልቡ ይገባል። የጋንዲን መንኮራኩርና መጻፊያ ጠረጴዛ በኖረበት ቤት ታያላችሁ።

ጊዜ ከተረፋችሁ የቪሻላ የቤት ዕቃ ሙዚየም ጥሩ ነው፤ ድስት፣ እንስራና ቁልፍ ለሚወድ። እኔ ግን የቀረውን ሰዓት ለአንድ ግድግዳ ብትሰጡት እመርጣለሁ፤ ሙዚየም ባይሆንም።

ላል ዳርዋዛ አጠገብ፣ መኪና በሚተራመስበት መንገድ ዳር፣ ሲዲ ሰይድ የሚባል ትንሽ መስጊድ አለ። በምዕራብ ግድግዳው ላይ ግማሽ ክብ የሆኑ የድንጋይ መስኮቶች ተሠርተዋል። የታወቀው መስኮት ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ድንጋዩ ሁሉ እንደ ጥልፍ የተበሳሳ ነው። ጨርቅ ባወቀ ከተማ ድንጋዩም ጨርቅ መሰለ ልበል? ይህ ዛፍ ዛሬ የከተማዋ መለያ ሆኗል፤ በሕንድ ስመ ጥር የሆነው የአህመዳባድ የሥራ አመራር ተቋምም ዓርማውን የወሰደው ከሱ ነው።

መስጊዱን ያሠራው ሲዲ ሰይድ ትውልዱ ሐበሻ ነው። በዚያ ዘመን ከቀይ ባሕር ማዶ ብዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በባርነት ተሸጠው፣ ወደ ጉጅራት ይወሰዱ ነበር። እዚያም "ሐበሺ" ወይም "ሲዲ" ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ቃሉ ከሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል የመጡትንም ያጠቃልላል። ወታደር የሆኑ፣ ከዚያም ጦር መሪና ባለርስት የሆኑ ነበሩ። ሲዲ ሰይድ ሀብት ካፈራ በኋላ መስጊዱን በ1572 እና 1573 አሠራ፤ የሞጋሉ ንጉሥ አክባር ጉጅራትን የያዘው በዚያው ጊዜ ነው።

መሐለኛው መስኮት ባዶ ነው፤ በተራ ድንጋይ ተደፍኗል። ሥራው በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ የሚሉ አሉ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ሂዱ፤ ብርሃኑ በዛፉ ቅጠሎች መካከል ያልፋል፣ በመሐለኛው ድንጋይ ግን አያልፍም። ከውስጥ የምታዩት ከሆነ ጫማችሁን አውልቁ፤ ከውጭም ከአጥሩ ግቢ ሆናችሁ በደንብ ይታያል።