የጳጉሜ ውሃና የሆሊ ቀለም

ጳጉሜ 3 ቀን ሳሪስ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰው የሚሮጠው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ደጅ ነው። ቅዱስ ሩፋኤል ነዋ! ሰማይ የሚከፈትበት፣ ዝናቡ ጠበል የሚሆንበት ዕለት ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕፃናት ራቁታቸውን እየጨፈሩ ይበሰብሳሉ፤ እናቶች ከአሸንዳው ሥር ባልዲና ሳፋ ይደረድራሉ። እኔም ከነዚያ ሕፃናት አንዷ ነበርኩ፤ ብርዱ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሩፋኤል የሚለው ስም በዕብራይስጥ ‹‹እግዚአብሔር ፈወሰ›› ማለት ነው። በመጽሐፈ ጦቢት የዓይነ ስውሩ ጦቢት ፈውስ የመጣው በዚሁ መልአክ ስለሆነ መታጠብና መዳን ከስሙ ጋር ቢያያዝ አይገርምም። ልማዱ ግን ከአንዲት ቀን ይሰፋል። ጳጉሜ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ያላት ሚጢጢ ወር ናት፤ በነዚህ ቀናት ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዶ መጠመቅ በብዙ የሀገራችን ክፍል የኖረ ነው። ነገሩ የአሮጌውን ዓመት እድፍና ደዌ ለውሃ አስረክቦ ወደ መስከረም መሻገር ነው። ወራጅ ውሃ መሆኑ ልብ ይባልልኝ። የቆመ ውሃ ምን ይዞ ይሄዳል?

ጊዜውም በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ክረምቱን ሙሉ ጭስ በሞላው ቤት፣ በእርጥብ እንጨትና በጭቃ መካከል የከረመ ገላ ውሃ ይናፍቃል። ደግሞም ዝናቡ ቆሞ ውሃው ሲያቁር ቆላው ወባ ይነሣበታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ዋናው የወባ ወቅት ነው። ስለዚህ አደይ አበባ የምንዘፍንለት ወር ለስንቱ ቤት የትኩሳት ወር ነበር። (በነገራችን ላይ መስከረምን ‹‹ጸደይ›› ማለታችን ልክ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው፤ ቀጥሎ መጸው ይገባል፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ሬዲዮኖቻችን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል!)

ወቅትን በገላ መቀበልን ከኛ በላይ ያደራጁት ሕንዶች ይመስሉኛል። ሕንድ ደግሞ ለሰፈራችን ሩቅ አይደለም። የቢርላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሽርክና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተከለው እዚሁ አቃቂ ነው። ከወላጆቻችን ትውልድም ስንቱ ሒሳብና ፊዚክስ የተማረው ከሕንድ መምህራን ነው።

እናም የሂንዱዎቹን ሆሊ እንመልከት። ፋልጉን በሚሉት ወር ሙሉ ጨረቃ ላይ ይውላል፤ በኛ የካቲት ወይም መጋቢት መሆኑ ነው። ዋዜማውን እንደ ደመራችን እሳት ይለኮሳል፤ በማግስቱ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሰው ሁሉ ቀለምና ውሃ ይረጫጫል። ቀለሙ ድሮ ከምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? ፓላሽ ከሚባል ዛፍ ብርቱካናማ አበባ ተቀቅሎ፣ ከእርድም ተፈጭቶ። ሁለቱም በአዩርቬዳ ሕክምናቸው መድኃኒቶች ናቸው። ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፋቸውም ለየወቅቱ ምን መብላትና እንዴት መታጠብ እንደሚገባ ይዘረዝራል፤ ለጸደይ ከባድና ቅባት የበዛበት ምግብ ይቅር፣ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ ይላል። በደቡብ ሕንድ ደግሞ ኡጋዲ በሚሉት አዲስ ዓመት መራራውን የኒም አበባ ካልተጣራ ስኳር ጋር ቀላቅለው ይቀምሳሉ። እኛም ለመራራ እንግዶች አይደለንም፤ ጥሬ ሥጋ ወዳዶቹ አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ቀጠሮውን የሚሰጣቸው ግን ዘመን መለወጫው ሳይሆን ትሉ ነበር።

የሆሊ ቀለም መጨረሻው አላማረም። አበባው ቀርቶ ርካሽ የፋብሪካ ዱቄት ገበያውን ያዘው። የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ሲመረምሩት በጥቁሩ ውስጥ ሊድ ኦክሳይድ፣ በአረንጓዴው ውስጥ ኮፐር ሰልፌት አገኙ። ለጤና የተባለው በዓል ቆዳ የሚያቃጥልና ዓይን የሚጎዳ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከአበባና ከእርድ የተሠራ ቀለም ወደ ገበያ እየተመለሰ መጣ።

እኛ ዘንድ የተበላሸው ቀለሙ ሳይሆን ውሃው ነው። ከእንጦጦና ከአካባቢው የሚነሡት ጅረቶች ከተማዋን አቋርጠው ትልቁና ትንሹ አቃቂ ይሆኑና አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በመንገዳቸው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የሽንት ቤት ቱቦ ይቀላቀላቸዋል። በዚሁ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሲጽፉ ቆይተዋል። ጎመኑን ደግሞ እኛው እንበላዋለን።

‹‹የዛሬ ልጆች ባህል ረሱ›› የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ያናድዱኛል። ማን ረሳ? ልጁ ጳጉሜ 3 እየተንቀጠቀጠ ደጅ ቆሟል። ልማዱ ወንዙን ትቶ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ወጣ እንጂ አልሞተም። እሬቻን ለማክበር በሳሪስ መንገድ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚጎርፈውም ሕዝብ እርጥብ ሳርና አበባ ውሃ ውስጥ ነክሮ ራሱን ይረጫል፤ ውሃውን ፍለጋ ግን በአቃቂ ድልድይ ላይ ሳይቆም ያልፋል።

በ2011 ዓ.ም. ‹‹ሸገርን ማስዋብ›› የተባለው ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ፣ 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነበር። የተሠሩት መናፈሻዎች ያምራሉ፣ ፎቶም ተነሥቼባቸዋለሁ። እኔ የምለው ግን ስለ ዳርቻው ሳይሆን ስለ ውሃው ነው። የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ ከለቀቀ፣ የኮንዶሚኒየሙ ቱቦ ወደ ወንዝ ከዞረ፣ ከላይ የተተከለው አበባ ከታች አቃቂ ላይ ላለው ሰው ምን ያደርግለታል? በድልድዩ ሳልፍ ቁልቁል አያለሁ። ውሃው ጥቁር ነው፤ ጳጉሜም ገብቶ ወደዚያ የሚወርድ ሰው የለም።