ኵርዓተ ርእሱ (ሥዕል)

ኵርዓተ ርእሱ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳይ ትንሽ የእንጨት ሥዕል ነው። የተሣለው በአውሮፓውያን እጅ ቢሆንም ለጎንደር ነገሥታት ግን ከዘውድ የማያንስ ክብር ነበረው፤ በፊቱ መሐላ ይፈጸም ነበር፣ ንጉሡ ሲዘምትም አብሮ ይዘምታል።

ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። መጀመሪያ በ1736 ዓ.ም. አፄ ዳግማዊ ኢያሱ የሱዳኑን የሰናር መንግሥት ወግተው በዲንዲር ወንዝ ሲሸነፉ ሥዕሉ በጠላት እጅ ወደቀ። በወርቅ ተቤዥቶ ጎንደር ሲመለስ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው።

ሁለተኛው ጥፋት ግን እስካሁን አልተጠገነም። አፄ ቴዎድሮስ ሥዕሉን ጨምሮ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ቅርስ ወደ መቅደላ አምባ አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ የዘረፈውን ቅርስ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠ። ኵርዓተ ርእሱን ግን ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀረው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ከመቅደላ የተዘረፉት የክብረ ነገሥት መጽሐፍና ሥዕሉ እንዲመለሱላቸው ለእንግሊዝ ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ። ሥዕሉ ግን በዚያ ጊዜ በሆልምስ እጅ ነበር፤ ይህ በዘረፋው ላይ የተጨመረ ሌላ በደል ነው። ፎቶግራፉ እ.ኤ.አ. በ1905 ታተመ። ከሆልምስ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ በኋላም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ገባ። ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም።