መርከቡ የማን ነው?

ቨርጂኒያ ወዳለችው የትኬት ቢሮዬ የሚመጡ ወገኖቼ ድሮ የሚጠይቁኝ የአዲስ አበባን ዋጋ ነበር። አሁን ለእናትና ለአባታቸው የመርከብ ሽርሽር የሚገዙ ልጆች በዝተዋል። «እታለም፣ ረከስ ያለውን ፈልጊልን» ይሉኛል። እኔ ግን ከዋጋው በፊት የመርከቡን ባለቤት፣ ባንዲራና ዕድሜ አያለሁ። ይህን ማየት መቻላችን በነጻ የተገኘ መብት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ተከፍሎበታል። ታሪኩን ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም የምነግረው ለዚህ ነው።

ሽርሽር በመርከብ መሸጥ ሲጀመር መንገደኛው የሚያውቀው ባለመርከቡ ያስወራውን ብቻ ነበር። በ1844 (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሜዲትራንያን ጉዞውን ለማስተዋወቅ ለደራሲው ዊልያም ታከሪ ነጻ ትኬት ሰጠው። ታከሪም እስከ ካይሮ ያየውን ጽፎ በ1846 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ታላቅ ጸሐፊ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ገንዘቡን ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ያነበበው ምንም ያልከፈለ ሰው ምስክርነት ነበር። በ1867 ከኒውዮርክ ወደ ቅድስት አገር የተነሣችው ኩዌከር ሲቲ ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተገልብጦ ነበር። ዋጋው 1,250 ዶላር ሆኖ ሳለ፣ ማን እንደሚሳፈር የሚወስን ኮሚቴ ነበረው። ማርክ ትዌይን ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነው። መራጩ መንገደኛው ሳይሆን መርከቡ ነበር ማለት ነው።

በጥር 1891 ጀርመናዊው አልበርት ባሊን በክረምት ሥራ የሚፈታውን አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለ መርከብ 241 ሰው አሳፍሮ ወደ ሜዲትራንያን ላከ። ሚስቱን ይዞ ራሱም አብሮ ሄደ። ለዚያ ዘመን መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ዋስትና መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የኛ ታሪክ የሚጀምረው ግን ሚያሚ ላይ ነው። በ1958 የጄት አውሮፕላን መንገደኛ ይዞ አትላንቲክን ማቋረጥ ሲጀምር የመርከብ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ከሚያሚ ወደ ባሃማስ ለሚደረገው አጭር ሽርሽር ያረጁ መርከቦች ቀለም እየተቀቡ ይሰማሩ ነበር። ያርማውዝ ካስል አንዱ ነው። የተሠራው አሜሪካ ውስጥ በ1927 ሲሆን፣ የላይኛው ክፍሉ ብዙ እንጨት ነበረበት፤ የሚያውለበልበው ደግሞ የፓናማን ባንዲራ ነው። ኅዳር 12 ቀን 1965 ማታ 376 መንገደኞችና 176 ሠራተኞች ይዞ ወደ ናሳው ተነሣ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቁጥር 610 የተባለው ክፍል በእሳት ተያያዘ። ክፍሉ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር፤ ፍራሾች እስከ ጣሪያው መብራት ድረስ ተከምረውበታል፤ እሳት ሲነሣ ውኃ የሚረጨው መሣሪያም አልነበረበትም። መንገደኛውን የሚቀሰቅስ ደወል አልተደወለም። የቧንቧው ውኃ ጉልበት አጣ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹን ማውረድ የጀመሩ ሰዎች ገመዱ አልላቀቅ አላቸው፤ ለዓመታት ቀለም በላዩ ላይ ሲቀባ ተጣብቆ ኖሯል። መርከቡ ለዓይን እንዲያምር የተቀባው ቀለም ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። መጀመሪያ ከወረዱት ጀልባዎች በአንዱ ውስጥ ካፒቴኑና ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ነበሩ፤ ለእርዳታ የደረሰው የፊንላንድ ጭነት መርከብ የፊንፑልፕ ካፒቴን ወደሚነደው መርከብ መልሶ ሰደዳቸው። ፊንፑልፕና ባሃማ ስታር የተባለው ሌላው መርከብ የተረፉትን ሰበሰቡ። የሞቱት 90 ናቸው።

አሜሪካ ከዚያ በፊትም ጥብቅ የእሳት መከላከያ ሕግ ነበራት፤ ግን የሚገዛው የራሷን ባንዲራ የያዙትን ነው። ዓለም አቀፉ ስምምነትም አሮጌ መርከቦችን በአዲሱ መለኪያ አያስገድድም ነበር። ትኬቱን አሜሪካ ገዝቶ፣ ከአሜሪካ ወደብ የተሳፈረ ሰው የአሜሪካ ሕግ የሚጠብቀው ቢመስለው አይፈረድበትም። የማን ባንዲራ እንደሆነ፣ ባንዲራው ምን እንደሚያስከትል የሚነግረው አልነበረም።

በኅዳር 1966 የወጣው ሕግ ይህን ለመድፈን የመጣ ነው። ከአሜሪካ ወደብ የመንገደኛ ጉዞ የሚሸጥ ሁሉ በማስታወቂያው ላይ መርከቡ የተመዘገበበትን አገርና የትኛውን የደኅንነት መለኪያ እንደሚያሟላ እንዲጽፍ ታዘዘ። የማያሟላውም አለማሟላቱን ይናገር ተባለ። 50 እና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸው መርከቦች ደግሞ ጉዞው ቢሰረዝ የሰውን ገንዘብ ለመመለስ፣ ሰው ቢጎዳ ወይም ቢሞት ካሳ ለመክፈል አቅም እንዳላቸው ማስረጃ ማቅረብ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ በማስታወቂያ ግርጌ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ «የተመዘገበው ባሃማስ» ወይም «ፓናማ» የሚል ቃል ስታዩ ከዚያ ሌሊት የመጣ ነው።

ሌላው መስኮት የተከፈተው በ1970ዎቹ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መርከቦችን ሳይጠበቅ እየገባ መፈተሽ ጀመረ፤ ነጥቡ ከ100 ነው፤ 85 እና ከዚያ በታች ያመጣ ወደቀ ማለት ነው። ሪፖርቱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ደንበኛዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያለ አነብለታለሁ። ከነጥቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዝርዝሩ ነው፤ የትኛው ማቀዝቀዣ እንደሞቀ፣ የትኛው ዕቃ ማጠቢያ እንዳላጸዳ፣ ሆዱን እያመመው ሥራ ላይ የተገኘ ሠራተኛ ካለ። በ2010 በወጣው ሕግ ደግሞ በመርከብ ላይ የተፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች ቁጥር በየኩባንያው ስም ለሕዝብ ይገለጣል። ሕጉን ያስወጡት ልጆቻቸው ከመርከብ የጠፉባቸውና በመርከብ ላይ ጥቃት የደረሰባቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ ለዓመታት ኮንግረስን ደጅ ጠንተዋል።

ስም መምረጥም የሚመስለውን ያህል አይደለም። ካርኒቫል፣ ፕሪንሰስ፣ ሆላንድ አሜሪካና ኮስታ የአንድ ድርጅት ልጆች ናቸው፤ ሮያል ካሪቢያንና ሰለብሪቲም እንዲሁ ወንድማማች ናቸው። «ያኛውን ትቼ ይኼኛውን መረጥኩ» የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚገባው እዚያው ካዝና ነው። ስለዚህ ኩባንያውን ብቻ ሳይሆን አንዱን መርከብ ለይተን እናያለን።

በመጨረሻም የትኬቱ ውል አለ። ከዋሽንግተን ስቴት የተነሡ ባልና ሚስት በካርኒቫል መርከብ ሲጓዙ ሴቲቱ ተንሸራታ ወድቃ ተጎዳች፤ በሚኖሩበት ስቴት ክስ መሠረቱ። ውሉ ላይ ግን ክስ የሚታየው ፍሎሪዳ ብቻ ነው የሚል መስመር ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ያ መስመር ይጸናል ብሎ ፈረደ። ዛሬም በብዙ ኩባንያዎች ውል ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለ፤ ለመክሰስ የሚሰጠው ጊዜም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እናቶች እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር እንዲያዩት እሰጣቸዋለሁ። ቅናሹ ዓርብ ያበቃል ቢባልም፣ ዓርብ ይለፍ።